ጎርፉን ሸኝተን ጉድጓድ እንቆፍራለን

ድሬዳዋ ዝናብ አልጠፋባትም። ይህን በማለቴ የሚቆጣኝ እንደሚኖር አውቃለሁ። ጀሪካኑን ደርድሮ ሌሊት ሌሊት የቧንቧ ድምፅ የሚያዳምጥ ሰው «ውሃ አለ» ሲሉት ቢሳደብ አይፈረድበትም። ግን ሒሳቡን አብረን እንሥራው። የአስተዳደሩ መሬት ገጠሩን ጨምሮ ከ1,200 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በዓመት የሚዘንበው በአማካይ 600 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፤ ወደ ደንገጎ ሲወጡ ይጨምራል፣ ወደ ሽንሌ ሲወርዱ ይቀንሳል። ሁለቱን ብናባዛው ከ700 ሚሊዮን ሜትር ኩብ በላይ ይመጣል። ትልቁ ክፍል ተንኖ ወደ ሰማይ ይመለሳል፤ የድሬን ፀሐይ የሚያውቅ ሰው በዚህ አይከራከርም። ከቀረው ውስጥ ግን ከተራራው ተንደርድሮ ወርዶ፣ በደቻቱና በሌሎቹ አሸዋማ ወንዞች አልፎ፣ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ሄዶ የሚያልቅ ብዙ ውሃ አለ። እሱን ነው የምንሸኘው። ሸኝተን ስናበቃ ሪግ አቁመን ጉድጓድ እንቆፍራለን።

የዛሬው ጽሑፌ በዚህ ላይ ነው። በእኛ አገር «መስኖ» ሲባል ሰው ዓይን ላይ የሚመጣው ፓምፕና ቱቦ ነው። ሪፖርቱም የሚቆጠረው በፓምፕ ብዛትና በ«ለማ» ሄክታር ነው። ውሃው ከየት መጣ፣ አፈሩ ውስጥ ስንት ቀን ቆየ፣ ጉድጓዱ ከአምናው ስንት ሜትር ወረደ ብሎ የሚጠይቅ የለም። እኔ የምለው፣ ድሬ ላይ ለመስኖ የሚወጣው ገንዘብ መጀመሪያ መሄድ ያለበት ጎርፉን አፈር ውስጥ ለማስቀረት ነው። ፓምፑ ከዚያ በኋላ ይምጣ። ቅደም ተከተሉን ከገለበጥነው ምን እንደሚሆን ለማየት ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም፤ ደንገጎን ወጥቶ ሐረማያ መድረስ ይበቃል። ወደዚያ እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ ስለ ጎርፉ። በሐምሌ 1998 መጨረሻ ሌሊት ላይ የመጣውን ውሃ ድሬ ያደገ ሰው አይረሳውም። ሰው ተኝቶ ሳለ ደቻቱ ሞልቶ ወጣ። ከ250 በላይ ሰው አለቀ፣ ወደ አሥር ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ተፈናቀለ። ከዚያ ወዲህ በወንዙ ዳርና ዳር ግንብ መሠራቱ ትክክል ነበር። ይህን በግልጽ የምናገረው «ግንብ አያስፈልግም ይላል» የሚለኝ ስለማይጠፋ ነው። ያስፈልጋል። ነገር ግን ግንብ ውሃው ከተማ ከደረሰ በኋላ የሚያገለግል ነገር ነው። ያን ሌሊት ከተማውን የመታው ውሃ በዋናነት የተሰበሰበው ከላይ፣ ከተራራማው ተፋሰስ ላይ ነው። እዚያ ላይ አፈሩ ተራቁቷል፣ ዛፉ አልቋል፣ የቀረው ድንጋይ ዝናብን የሚቀበለው እንደ ቆርቆሮ ጣሪያ ነው። ጣሪያው ሳይነካ አሸንዳውን ብቻ ብታሰፋው ውሃው በፍጥነት ይወርዳል እንጂ አይቀንስም። በግንብ የታጠረ ወንዝ ደግሞ ወደ ጎን መስፋት ስለማይችል ፍጥነቱ ይጨምራል፤ ዳር ዳሩን ሊሰርግ ይችል የነበረውም አብሮ ይሄዳል። በሚያዝያ 2012 ጎርፍ እንደገና ሰው ገድሏል። ስለዚህ በጎርፍ መከላከል ስም ብቻ ስንከራከር እንኳ፣ ሥራው ያለው ላይ ነው።

አሁን ወደ ጉድጓዱ እንምጣ። ድሬ የምትጠጣው የከርሰ ምድር ውሃ ነው። ሻይ የሚያፈላ ሰው ሁሉ ማስረጃው ቤቱ አለ፦ ማንቆርቆሪያው ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት። ያ ቅርፊት የኖራ ድንጋይ ነው። ከተራራው ሥር ጀምሮ እኛ በቆምንበት ሜዳ ስር የተዘረጋው የኖራና የአሸዋ ድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ውሃው እየተጓዘ ኖራውን አሟሙቶ ይዞት ይመጣል። እግዜር ይስጠው፣ ይህ ድንጋይ ባይኖር ድሬ የምትባል ከተማ በዚህ ሙቀት ላይ ይህን ያህል ሕዝብ መያዝ አትችልም ነበር። ግን ድንጋዩ ራሱ ውሃ አያመርትም። የሚያጠራቅመው ከላይ የሰረገውን ነው። ከላይ የሚሰርገው ሲቀንስና ከታች የሚሳበው ሲጨምር የሚሆነውን ለማወቅ ኢንጂነር መሆን አይጠበቅም።

ሌላም ጉድ አለ። አብዛኛው የከተማው ቤት መጸዳጃው ጉድጓድ ነው፤ ከስሩ ያለው መሬት ደግሞ አሸዋና የተሰነጠቀ ድንጋይ። ተመራማሪዎች በተለያየ ጊዜ ከከተማው ውስጥና ከዙሪያው ጉድጓዶች ናሙና ወስደው፣ በአንዳንዶቹ ውስጥ የናይትሬት መጠን የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ካስቀመጠው በሊትር 50 ሚሊ ግራም በላይ ሆኖ አግኝተውታል። ናይትሬት በተለይ ለጨቅላ ሕፃናት አደገኛ ነው። ይህ ማለት ከከተማው አጠገብ ያለው ውሃ እየተበላሸ ሲሄድ አዲስ ጉድጓድ ፍለጋ ወደ ውጭ መውጣት ግድ ይሆናል። ወደ ውጭ ስትወጣ ደግሞ ገበሬውን ታገኘዋለህ። እሱም ፓምፑን ይዞ እዚያው ውሃ ላይ ቆሟል። የከተማው ቧንቧና የገጠሩ መስኖ የሚጣሉት በስብሰባ አዳራሽ ውስጥ አይደለም፤ ከምድር በታች፣ ማንም በማያየው ቦታ ነው።

ሐረማያ ይህንኑ ፊልም ከእኛ በፊት አይታዋለች። ሐይቁ ሐረርን ለአሥርተ ዓመታት ሲያጠጣ የኖረ ሐይቅ ነው። ዙሪያውን ጫትና አትክልት በዛ፣ ፓምፕ በዛ፣ ከተማውም ከዚያው ይስብ ነበር፤ ከተራቆተው ተራራ የሚታጠበው አፈር ደግሞ ሐይቁን ከስሩ ሞላው። በ1990ዎቹ አጋማሽ ላይ ሐይቁ ደረቀ። ሰው በእግሩ አቋረጠው፣ ከብት ጋጠበት። በአንድ ሌሊት አልደረቀም፤ በየዓመቱ ጠርዙ እየሸሸ ሲሄድ ሁሉም ያይ ነበር፣ ሁሉም ቱቦውን ትንሽ እያስረዘመ ይከተለው ነበር። ለእኔ የሐረማያ ታሪክ ዋናው ነገር ይህች ቱቦ ማስረዘም ናት። እያንዳንዱ ገበሬ ያደረገው ለራሱ ልክ ነበር። ድምሩ ነው ሐይቁን የበላው።

ከዚያስ? ሐረር ውሃ ፍለጋ ወዴት መጣች? ወደ እኛ። ከድሬዳዋ አጠገብ፣ ድሬ ጃራ ከሚባለው የጉድጓድ መስክ ውሃ እየተሳበ ዳገቱን ወጥቶ ሐረማያን፣ አወዳይንና ሐረርን እንዲያጠጣ ተደረገ። ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ ቱቦ፣ ወደ አንድ ሺህ ሜትር ሽቅብ። አንድ ሜትር ኩብ ውሃ አንድ ሺህ ሜትር ለማንሳት፣ የፓምፑና የቱቦው ብክነት ሳይቆጠር እንኳ፣ ወደ 2.7 ኪሎዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ ይበላል። ሐረር ውሃ አገኘች፤ የሐረር ሰው ወንድማችን ነው፣ ይጠጣ፣ ይገባዋል። የምናገረው ስለ አቅጣጫው ነው። ከላይ የዘነበው ውሃ ላይ ሊያዝ ሲችል አልተያዘም፤ በጎርፍ ወረደ፣ ሲወርድ ሰው ገደለ፣ ጥቂቱ ሰርጎ ከተራራው ሥር ቆየ፣ እኛ ደግሞ በመብራት ኃይል መልሰን ወደ ላይ አወጣነው። ሐይቁ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ውሃ መልሶ ይዟል፤ ደስ ይላል። ፓምፑም ተመልሶ ዙሪያውን ቢሰለፍ ግን አይገርመኝም። ከልምዱ የተማርነው በወረቀት ላይ ነውና።

ድሬ ውሃዋ ቢያልቅ ወዴት ትወርዳለች? ከእኛ በታች ያለው በረሃ ነው።

አሁን በየስብሰባው የሚጨበጨብለት የፀሐይ ፓምፕ ነው። አልጠላውም፤ የናፍጣን ዋጋ ለሚያውቅ ገበሬ በረከት ነው። ግን አንድ የማይነገር ነገር አለ። እስካሁን ገበሬው ፓምፑን የሚያጠፋው ናፍጣው ስላለቀ ወይም ስለተወደደ ነበር። ናፍጣ ሳያስበው የውሃ ጠባቂ ሆኖ ቆይቷል። የፀሐይ ፓምፕ አንዴ ከተተከለ በኋላ ለማጠጣት የሚወጣ ሳንቲም የለም፤ ፀሐይ ከወጣች እስክትጠልቅ ይስባል። ለምን ያጥፋው? እኔም ብሆን አላጠፋውም። ስለዚህ ከናፍጣው ጋር የጠፋውን ልጓም በሌላ ነገር ሳይተኩ ፓነል ማከፋፈል ሐረማያን በንጹሕ ኃይል መድገም ነው። ቆጣሪ የሌለው የፀሐይ ፓምፕ መስጠት የለብንም ብዬ አምናለሁ፤ ይህን የሚቃወመኝ ካለ በኮሜንት ይምጣ።

«እንግዲያው ጠብታ መስኖ እናድርጋ!» የሚለው መልስ ወዲያው ይመጣል። በቦይ የሚጠጣ ማሳ ከሚገባለት ውሃ ሥሩ ጋ የሚደርሰው 60 በመቶ ያህሉ ነው ተብሎ ይወሰዳል፤ ጠብታ መስኖ 90 በመቶ ያደርሳል። ቁጥሩ እውነት ነው። ችግሩ «ባከነ» የተባለው 40 በመቶ የት እንደሄደ ነው። ጥቂቱ ተነነ፣ የቀረው ሰርጎ ወደ ጉድጓዱ ተመለሰ። ገበሬው በጠብታ ያተረፈውን ውሃ ደግሞ ጎን ላለው ማሳ ያውለዋል፣ ወይም ከማሽላ ወደ አትክልት ይዞራል። ያኔ ተክል ጠጥቶ ወደ አየር የሚያወጣው ውሃ ይጨምራል፣ ወደ ጉድጓዱ የሚመለሰው ይቀንሳል። የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ጥናት ከብዙ አገር ልምድ የደረሰበት መደምደሚያ ይኸው ነው፦ የሚወሰደው ውሃ ላይ ገደብ ሳይጣል ዘመናዊ መስኖ ብቻውን ውሃ አያድንም። ለገበሬው ገቢ ይጨምራል፣ እሰየው። ለጉድጓዱ ግን መዳኛ አድርገን አንሽጠው።

ጨዉንም እንዳንረሳ። በሊትር አንድ ግራም የሚሟሟ ጨው ያለው ውሃ በአንድ ሄክታር ላይ በወቅት 5,000 ሜትር ኩብ ብታጠጣ 50 ኩንታል ጨው አፈሩ ላይ ጫንህ ማለት ነው። ውሃው ይተናል፤ ጨዉ የትም አይሄድም። ወደ ታች የሚያጥበው ዝናብ ወይም የማንጣፈፊያ ቦይ ከሌለ ላይ ላይ ይነጣል። ይህ ቲዎሪ አይደለም። መካከለኛው አዋሽ ላይ፣ አሚባራ፣ በመንግሥት ገንዘብ የለማ ሰፊ የጥጥና የሙዝ መሬት በጨውና ከስር በወጣ ውሃ ተበላሽቶ ተጥሏል። እዚያ የጎደለው ውሃ አልነበረም፤ ማንጣፈፊያው ነበር።

እስካሁን ነቀፍኩ። ታዲያ ምን ይሁን?

አፈር ራሱ ግድብ ነው። ጥሩ ደለልማ አፈር በአንድ ሜትር ጥልቀት ተክል ሊጠጣው የሚችል ወደ 150 ሚሊ ሜትር ውሃ ይይዛል። ይህ በአንድ ሄክታር 1,500 ሜትር ኩብ ነው። በቦቴ ልንገራችሁ፦ አሥር ሺህ ሊትር በሚይዝ ቦቴ 150 ምልልስ። በአንድ ሄክታር! ሲሚንቶ የለም፣ ብረት የለም፣ ፓምፕ የለም። ደግሞ ፀሐይ የምትደርሰው የላይኛውን ስስ ክፍል ብቻ ስለሆነ ከክፍት ኩሬ ይልቅ ከአፈር ውስጥ የሚተነው በብዙ ያነሰ ነው። ማሽላ ከዘር እስከ አጨዳ ከ450 እስከ 650 ሚሊ ሜትር ውሃ ይፈልጋል። ስለዚህ አፈሩ ከመዘራቱ በፊት ጠግቦ ከቆየ ሩቡን ያህል ወይም ከዚያ በላይ ከወዲሁ ከሥሩ ስር ተቀምጦ ይጠብቀዋል። ዝናቡ መሐል ላይ ሁለት ሦስት ሳምንት ሲቋረጥ፣ ድሬ ላይ ሁልጊዜ ይቋረጣል፣ ሰብሉን የሚያተርፈው ወይም የሚገድለው ያ ሩብ ነው።

ይህን ደግሞ የቆላው ገበሬ ያውቀዋል። ጎርፍ ጠልፎ ማሳ ማጠጣት በድሬ ቆላማ ቀበሌዎችም፣ በራያና በቆቦም፣ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ በየመንም የቆየ ጥበብ ነው። አሠራሩ ቀላል ይመስላል። ወንዙ ላይ ከአፈር፣ ከድንጋይና ከቅርንጫፍ ማገጃ ይሠራል፤ ጎርፉ ሲመጣ ከፊሉ በቦይ ወደ ማሳ ይዞራል፤ ማሳው በወፍራም ድንበር የተከበበ ስለሆነ ውሃው ተኝቶ ይሰርጋል፤ ደለሉንም ጥሎ ይሄዳል። ያ ደለል ከላይ የታጠበ ለም አፈር ነው፤ ማዳበሪያ በነፃ። ከዚያ ይዘራል። ትልቅ ጎርፍ ሲመጣ ማገጃው ይፈርሳል። ብዙ ባለሙያ ይህን ሲያይ «ኋላ ቀር» ይላል። አይደለም፤ እንዲፈርስ ሆኖ ነው የተሠራው። ጠንካራ ቢሆን ኖሮ ማሳውንም ቤቱንም ይዞ የሚሄድ ውሃ ወደ ቦዩ ይገባ ነበር። ፊውዝ ነው በሉት። በብዙ አገር ይህን በኮንክሪት ለመተካት የተሞከሩ ጠለፋዎች ደለል ሞልቷቸው፣ በራቸው ተቀብሮ ቆመዋል። ጎርፍ የሚያመጣው ውሃ ብቻ አይደለም፤ አሸዋና ድንጋይ ነው። በመደበኛ ወንዝ ሒሳብ የተነደፈ በር ይህን አይችለውም። ገበሬው የሚፈልገው ግዙፍ ግንባታ አይደለም። በየዓመቱ ማገጃውን ለመጠገን የሚያወጣውን ጉልበት የሚያቀልል ጋቢዮን፣ ለጥቂት ቀን የሚከራይ ዶዘር፣ የተስተካከለ ቦይ ነው። ለአንድ ጥልቅ ጉድጓድ ከሚወጣው ጋር ሲነጻጸር ወጪው ትንሽ ነው፤ ሪባን የሚቆረጥበት ነገር ስለሌለው ግን በጀት አያገኝም። አቦ፣ እውነቱ ይሄ ነው።

ላይ ላይ ያለው ሥራ ደግሞ ተጀምሯል፤ መካድ አልፈልግም። ከ1997 ጀምሮ በሴፍቲኔት የሕዝብ ሥራ የገጠር ቀበሌዎቻችን ሰው እርከን ሲሠራ፣ ትሬንች ሲቆፍር ቆይቷል። ግን የሚለካው በኪሎ ሜትር እርከን ነው፤ እርከኑ በሁለተኛው ዓመት መቆሙንና ከታቹ ያለው ምንጭ መጨመሩን የሚለካ የለም። ከብት ተመልሶ ከገባበት እርከኑ በአንድ ክረምት ይፈርሳል። ትግራይ ውስጥ አብርሃ ወአጽብሃ የተባለችው ቀበሌ ልዩነቱን አሳይታለች፦ ተራራውን ከልለው፣ ልቅ ግጦሽ አቁመው፣ ውሃ እንዲሰርግ አድርገው፣ ከዓመታት በኋላ ደርቀው የነበሩ ጉድጓዶች ውሃቸው ወደ ላይ ተመለሰ። እ.ኤ.አ. በ2012 የኢኳተር ሽልማትን ያገኙት በዚህ ነው። መጀመሪያ ውሃውን አስገቡ፣ ከዚያ በትንሹ ቀዱ። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ።

ማሳው ላይም እንዲሁ ነው። በሬ የሚጎትተው ማረሻ በየዓመቱ አንድ ጥልቀት ላይ ስለሚሄድ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ላይ የጠጠረ ንጣፍ ይፈጠራል፤ ዝናቡ እዚያ ሲደርስ ወደ ጎን ይሮጣል። ፈሩን በየተወሰነ ርቀት በአፈር ማሰር፣ ማለትም እያንዳንዱን ፈር ትንንሽ ገንዳ ማድረግ፣ ውሃው ባለበት እንዲቆም ያደርገዋል። የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህን በሐረርጌ መሬት ላይ ሞክረው ምርት እንደሚጨምር ካሳዩ ብዙ ዓመት አልፏል። አፍንጫችን ሥር ያለ ዕውቀት ነው። ጥናቱ ሼልፍ ላይ፣ ውሃው ሽንሌ።

የአሸዋ ግድብም አለ። ኬንያ ውስጥ ማቻኮስና ኪቱይ ላይ እንደ ደቻቱ ያሉ ደረቅ ወንዞችን በዝቅተኛ ግንብ ይገድቧቸዋል፤ ከጀርባው አሸዋ ይሞላል፤ አሸዋው ውስጥ ከሩብ በላይ የሚሆነው ቦታ ውሃ ይሆናል። አይተንም፣ ትንኝ አይራባበትም። እኛ ግን የወንዞቻችንን አሸዋ የምናየው በሲኖትራክ ነው። ለግንባታ የሚጫነው አሸዋ የውሃ ስፖንጅ ጭምር ነው፤ ተጠርጎ ሲያልቅ ጎርፉ ማቆሚያ ያጣል። ቤት አትሥሩ አልልም። ከየትኛው ቦታና ስንት ይወሰድ የሚለውን አንድ ሰው ይወስን ነው የምለው።

ሁለት ተቃውሞ አስቀድሜ ልመልስ። አንዱ «ችግሩ ጫቱ ነው፣ ጫቱን ንቀሉ» የሚለው ነው። ይህን የሚለው ሰው ብዙ ጊዜ ከሰዓት በኋላ የት እንደሚቀመጥ አውቃለሁ፤ እሱ ይቅር። ገበሬው ጫት የሚተክለው ከማሽላ ብዙ እጥፍ ስለሚያገኝበትና የዕለት ገንዘብ ስለሚያመጣለት ነው። ውሃው ዋጋ የለውም፣ የሚቆጥረው የለም፣ እሱ ቢተወው ጎረቤቱ ይስበዋል። በዚህ ሁኔታ ጫት ያልተከለ ገበሬ ነው ማብራሪያ የሚጠየቀው። ሕጉን ሳናበጅ ገበሬውን አንስደብ።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከባድ ነው፤ እኔንም ያስጨንቀኛል። እኛ «ባከነ» የምንለው ጎርፍ ታች ላለው የሲቲ ዞን አርብቶ አደር ባክኖ አያውቅም። ሽንሌ ሜዳ ላይ ሣር የሚያበቅለውና ኤላውን የሚሞላው እሱ ነው። ከላይ ሁሉን ጠልፈን ብንይዘው ታች ያለውን ወንድማችንን ሐረማያ አደረግነው ማለት ነው። ከላይም እንዲሁ፦ ዝናቡ የሚወርድበት ተራራ ከፊሉ የኦሮሚያ ምሥራቅ ሐረርጌ ነው። ድሬ ብቻዋን የምትወስነው ነገር አይደለም። ጎርፍ ጠላፊ ማኅበረሰቦች ግን ይህን ሲፈቱ ኖረዋል፤ የላይኛው ማሳ አንዴ ከጠጣ በኋላ የታችኛው ሳይጠጣ ሁለተኛ አይነካም የሚል ዓይነት ደንብ አላቸው። የአስተዳደሩ ተጠሪነት ለፌዴራል መንግሥት ነው። እንግዲያው ሦስቱን ወገን አንድ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ የሚችለው አካል ግልጽ ነው። ስብሰባውን የሚጠራው ጉድጓድ ሲደርቅና ዱላ ሲነሳ ከሆነ ግን ያ ስብሰባ የውሃ ሳይሆን የፀጥታ ይሆናል።

ሕግ የለም እንዳትሉኝ። የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 አለ። ለቤት ውስጥ ፍጆታ የሚውል ውሃ ከማንኛውም ሌላ አገልግሎት ይቀድማል ይላል። በእጅ የተቆፈረ ጉድጓድና ባህላዊ መስኖ ያለ ፈቃድ ይፈቀዳል፤ ከዚያ ያለፈ ሥራ ፈቃድ ይጠይቃል። ሞተር የገጠመ፣ በማሽን የተቆፈረ፣ ለገበያ የሚያለማ ሁሉ በዚህ ሥር ነው። ለ20 ዓመት ከዚያም በላይ የተቀመጠ ሕግ ነው። ድሬ ዙሪያ ካሉት ፓምፖች ስንቱ ፈቃድ አለው? ስንቱስ ቆጣሪ? ጥያቄውን ስትጠይቅ የሚሰጥህ መልስ የፈቃድ ቁጥር ሳይሆን ስለ ዘንድሮው የለማ መሬት የሚናገር ፖወርፖይንት ነው።

ድሬ ላይ አንቱታ የለም፤ ስለዚህ በ«አንተ» ልናገር። አንተ የሚመለከትህ ኃላፊ፦ ነገ ጠዋት ያለ ዶላር፣ ያለ አማካሪ የምትጀምረው አንድ ሥራ አለ። ከተማውን የሚያጠጡት ጉድጓዶች አጠገብ በየወሩ የውሃውን ጥልቀት አስለካ። ገመድና ክብደት ይበቃል፤ ኤሌክትሪክ መለኪያ ካለህ የተሻለ። ቁጥሩን አትቆልፍበት፤ የቢሮህ በር ላይ፣ የሰኞ ማስታወቂያ በሚለጠፍበት ሰሌዳ ላይ ለጥፈው፣ በቴሌግራም ገጽህም አውጣው። የጉድጓዱ ስም፣ የዚህ ወር ጥልቀት፣ የአምና ተመሳሳይ ወር ጥልቀት። ሦስት ዓምድ ብቻ። ቁጥሩ እየወረደ ከሆነ አዲስ የመስኖ ጉድጓድ ከመፍቀድህ በፊት ላይ ያለው ተፋሰስ ስንት ሜትር ኩብ እንዳስገባ አሳየን። ካልወረደ ደግሞ እኔን «አሟራች» በለኝ፤ ጽሑፉን በዚሁ ቻናል አወጣልሃለሁ።